ባለ 6.3 ነው ወይስ አይደለም? ስለ አሮጌ ፈጣን የጀርመን አውቶሞቢሎች መለያና ባለቤትነት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከአባይ ሸለቆ በደጀን ወጥቶ፣ ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፎ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ዳር ጥቂት ሰዓት ቆሞ የተመለከተ ሰው የሚያየው በአብዛኛው አይሱዙ የጭነት መኪና፣ ሚኒባስ፣ ፒካፕና ባጃጅ ነው። በቆሎና በርበሬ ጭኖ የሚሄደውም ሆነ ማዳበሪያና ቆርቆሮ ጭኖ የሚመጣው ሥራው የታወቀ፣ ማንነቱም የማያከራክር ተሽከርካሪ ነው። አልፎ አልፎ ግን ከዚህ ሁሉ መካከል ዝቅና ረዘም ያለ፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ በኮፈኑ ጫፍ ላይ ባለሦስት ጨረር ኮከብ የቆመበት አሮጌ የጀርመን አውቶሞቢል ብቅ ይላል። ልጆች ይከተሉታል፤ ሽማግሌዎች ድሮ የማን እንደ ነበረ ይከራከራሉ። ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብ ደግሞ መርማሪው መሐንዲስ ከሌሎቹ ተሽከርካሪዎች የማይገጥመው ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ይኸውም ይህ መኪና በእርግጥ የተባለውን ነውን? የሚለው ነው። የዚህ ንግግር ርእስም ይኸው ጥያቄ ነው።

ነገሩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ እንዳይመስል በምሳሌ ማየቱ ይሻላል። አንድ የቡሬ የበርበሬ ነጋዴ አረፈ እንበል። ሦስት ልጆች ትቷል፤ ታላቁ ፍኖተ ሰላም ይኖራል፣ መካከለኛው አዲስ አበባ ነው፣ ታናሺቱ ከአባቷ ጋር ቡሬ ነበረች። ቤቱና መጋዘኑ በሽማግሌ ተከፈለ። በመጨረሻ ከግቢው ጥግ፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር፣ በሸራ ተሸፍኖ ለብዙ ዓመት የቆመ መርሴዲስ ቀረ። በኋላ ክዳኑ ላይ "300 ኤስ ኢ ኤል" እና "6.3" የሚል የኒኬል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። መካከለኛው ልጅ ታላቁን "አያ፣ ይህን እንደ ቆርቆሮ አትየው፤ ባለ 6.3 እኮ ነው፤ ውጭ አገር ፈልገው የሚያጡት ነው" ይለዋል። ታላቁ አያምንም። ደላላ መጥቶ ታናሺቱን "እህቴ፣ ተራ መኪና ነው፤ በብረት ዋጋ ላንሣልሽ" ይላታል። መኪናው ባለ 6.3 ነው ተብሎ በውድ ተገምቶ ለአንዱ ድርሻ ከሆነ በኋላ ሳይሆን ቢቀር፣ ያ ወራሽ በቤት ፋንታ ላሜራ ታቅፎ ይቀራል። ተራ ነው ተብሎ በብረት ዋጋ ከተሸጠ በኋላ እውነተኛው ሆኖ ቢገኝ ደግሞ፣ እህቲቱ የአባቷን ድካም ለደላላ አስረከበች ማለት ነው። ሦስቱም የሚጠብቁት መሐንዲሱ ኮፈኑን ከፍቶ፣ አይቶ፣ በወረቀት ላይ የሚያኖረውን ቃል ነው።

ለመሆኑ መኪናን ለመለየት ይህን ያህል ምን ያስቸግራል? በአገራችን ታሪክ ስሙ ከሁሉ የገነነው የጀርመን መኪና ፈጣኑ አይደለም፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱባት ትንሿ ቮልስዋገን ናት። ቮልስን ሕፃን ልጅ ሳይቀር በሩቅ በቅርጿ ያውቃታል። ፈጣኑ የጀርመን አውቶሞቢል ግን ጠባዩ ተቃራኒ ነው። የሠሩት ሰዎች ከዝምተኛው ወንድሙ ጋር አንድ ዓይነት ልብስ አልብሰውታልና፣ በሩቅ ቀርቶ በቅርብም ያሳስታል።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዳይምለር ቤንዝ ለመሪዎችና ለባለጠጎች የሚሠራው ትልቁ አውቶሞቢል 600 የተባለው ነበር። ሞተሩ ባለስምንት ሲሊንደር ሲሆን ይዘቱ 6332 ኩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። ኤሪክ ቫክሰንበርገር የተባለ የፋብሪካው መሐንዲስ ይህን ሞተር ከ600 አነስ ባለው የ300 ኤስ ኢ ኤል አካል ውስጥ ገጠመው፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1968 በጄኔቫ የአውቶሞቢል ትርኢት ላይ ለሕዝብ ቀረበ። ጉልበቱ 250 የፈረስ ጉልበት፣ ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 220 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ከቆመበት ተነሥቶ 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስም ስድስት ሰከንድ ተኩል ይበቃው ነበር። አምስት ሰው ከነሻንጣው የሚይዝ የቤተሰብ አውቶሞቢል በዚያ ዘመን የስፖርት መኪኖችን ጥሎ ማለፉ ብዙዎችን አስደንቋል። እ.ኤ.አ. እስከ 1972 ድረስ የተሠራው 6526 ብቻ ነው። በመልኩ ግን በዚያው ዘመን በብዛት ከተሠሩት ከ280 እና ከ300 ወገኖቹ የሚለየው ከኋላ ክዳኑ ላይ ባለችው ቁጥርና በጥቂት ጥቃቅን ነገሮች ነው። የኒኬል ቁጥር ደግሞ በገንዘብ የሚገዛ፣ በሙጫ የሚለጠፍ ነገር ነው። አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ገብቶ ፊደልና ቁጥር የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። ስለዚህ መርማሪው ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ጨርሶ እንዳላየ ቢቆጥረው ይሻላል።

የሚያየው በብረት ላይ የተመታውን ቁጥር ነው። በዚያ ዘመን በተሠራ መርሴዲስ ላይ የሻንሲው ቁጥር የሚጀምረው የመኪናውን ዓይነት በሚነግሩ ስድስት አኃዞች ነው። ቀጥሎ የሚመጣው አኃዝ መሪው በግራ ከሆነ 1፣ በቀኝ ከሆነ 2 ይሆናል፤ ሁለተኛው ካምቢዮው በእጅ የሚቀየር ወይም አውቶማቲክ መሆኑን ያመለክታል፤ 2 ማለት አውቶማቲክ ነው። የቀሩት የተራ ቁጥር ናቸው። የ300 ኤስ ኢ ኤል 6.3 መለያ 109.018 ነው። መሪው በግራ ከሆነና አውቶማቲክ ከሆነ ቁጥሩ 109.018-12 ብሎ ይቀጥላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው አደጋው። በዚያው ዘመን በብዛት የተሠራው 280 ኤስ ኢ መለያው 108.018 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ አኃዝ፣ ያውም 8 እና 9 ነው። የ8ን ታችኛ ክብ በግራ በኩል በመሮ የከፈተ ሰው 9ን የሚመስል ነገር ያገኛል። ከዝገትና ከቀለም በታች ደግሞ በዓይን መለየት ያስቸግራል። ፋብሪካው ይህን ሲያደርግ የአታላይን ሥራ ሊያቀል አልፈለገም፤ ነገር ግን ቀልሏል።

ደግነቱ ቁጥርን የሚለውጥ ሰው መኪናውን ሊያስረዝም አይችልም። በ108.018 ላይ ከፊተኛው ጎማ መካከል እስከ ኋለኛው ጎማ መካከል ያለው ርቀት 2750 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ109 ላይ 2850 ነው። አሥር ሴንቲ ሜትር በጋራዥ ውስጥ ትልቅ ነገር ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ከገበያ ዳር ከተቀመጠ ልብስ ሰፊ የሚዋሱት ሜትር ብቻ ነው፤ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው፣ መሬቱም ደልዳላ ሆኖ፣ በግራም በቀኝም መለካት ይገባል። የኋለኛው በር ርዝመትም ይህንኑ ይመሰክራል። ሆኖም ልኩ 285 ሴንቲ ሜትር ሆነ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም፤ 280 ኤስ ኢ ኤል የተባለው፣ መለያው 108.019 የሆነው፣ እንደዚሁ ረጅም ነውና። ስለዚህ ቀጥሎ ከሥር መጎንበስ ያስፈልጋል። የ108 ወገን የቆመው በብረት ሞላ ላይ ሲሆን፣ የ109 ወገን የቆመው በአየር በተነፋ የጎማ ከረጢት ላይ ነው። አየሩን የሚሞላ ትንሽ ኮምፕሬሰር ከሞተሩ ጋር ተያይዞ ይገኛል፤ ቧንቧዎችና የከፍታ መቆጣጠሪያ ቫልቮችም አሉ።

የጎማ ከረጢት ግን ዘላለማዊ አይደለም። ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ መኪናው ማታ ቆሞ ጧት ሆዱን መሬት አስነክቶ ይገኛል። መለዋወጫው ከውጭ የሚመጣና ውድ በመሆኑ ባለቤቱ ከሌላ መኪና ሞላ አስገጥሞ ቢገላገል የሚገርም አይሆንም። ስለዚህ ሞላ ያየ መርማሪ ወዲያው "ይህ 108 ነው" ብሎ እንዳይፈርድ፤ የአየሩ ቧንቧ ያለፈበትን ቀዳዳ፣ ኮምፕሬሰሩ የታሰረበትን ማሰሪያ፣ የቫልቮቹን መቀመጫ ይፈልግ። ከረጢቱን ያወለቀ መካኒክ ብዙውን ጊዜ ማሰሪያውን አያወልቀውም፤ ለምን ብሎ ይደክማል?

ከዚህ በኋላ ሞተሩ አለ። የ6.3 ሞተር ቁጥር በ100.981 ይጀምራል። በተመሳሳይ አካል ውስጥ የተገጠመው ባለ 3.5 ሊትር ሞተር በ116 ይጀምራል፤ ባለስድስት ሲሊንደሩ የ2.8 ሊትር ሞተር ደግሞ በ130 ይጀምራል። ለጀማሪ አንድ ወጥመድ እዚህ አለ፤ ፋብሪካው ለሞተርና ለአካል መለያ የሚሰጠው ቁጥር አንዳንድ ጊዜ ይገጣጠማል። 116 የሞተር ዓይነት ነው፤ 116 ደግሞ ከ109 ቀጥሎ የመጣው አካል ስምም ነው። የሞተሩን ቁጥር ወስዶ በሻንሲው ዓምድ፣ የሻንሲውን ወስዶ በሞተሩ ዓምድ የጻፈ መዝጋቢ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ ብዙ ዓመት የማይፈታ ቋጠሮ ይተዋል። በፋብሪካው ዘንድ ለእያንዳንዱ መኪና የሻንሲው፣ የሞተሩና የካምቢዮው ቁጥር፣ የቀለሙ መለያና ተጨማሪ ዕቃዎቹ የተመዘገቡበት ካርድ አለ። ቀለሙ በሦስት አኃዝ ይጻፋል፤ 040 ጥቁር ነው፣ 050 ነጭ፣ 904 ጠቆር ያለ ሰማያዊ። የመኪናው ላሜራ ከውስጥ በኩል፣ ምንጣፉ ሥርና ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ የመጀመሪያውን ቀለም ደብቆ ያቆያል። መለያው 904 የሚል ሰሌዳ ያለው መኪና ከምንጣፉ ሥር ነጭ ሆኖ ከተገኘ ከሁለቱ አንዱ ከሌላ ቦታ መጥቷል።

ተከታዩ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1980 የተሠራው 450 ኤስ ኢ ኤል 6.9 ነው፤ ብዛቱ 7380፣ ጉልበቱ 286 የፈረስ ጉልበት፣ መለያው 116.036። ተራው 450 ኤስ ኢ ኤል 116.033 ነው። ይህ ከቀደመው ይበልጥ ያታልላል፤ ምክንያቱም ዝናን የማይሹ ገዢዎች ቁጥሩ ከኋላ እንዳይለጠፍ ከፋብሪካው ማዘዝ ይችሉ ነበር። ስለዚህ በዚህ ዓይነት ላይ ስም መለጠፉ ምስክር እንደማይሆን ሁሉ፣ ስም መጥፋቱም ምስክር አይሆንም። ኮፈኑን ከፍቶ የሚያይ ግን አይሳሳትም። የ6.9 ሞተር ዘይቱን ከሥሩ በሚገኝ ድስት አያጠራቅምም፤ ለብቻው በተቀመጠ ትልቅ ጋን ያኖረዋል። የሞተሩ ቁጥርም በ100.985 ይጀምራል፤ የ450ው በ117 ነው። የቆመውም በሞላ ወይም በአየር ሳይሆን በዘይትና በጋዝ ግፊት ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ መጡት ብዙ ማለት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በፖርሽ ፋብሪካ እገዛ የተሠራው 500 ኢ መለያው 124.036 ነው፤ የጎማ ቀንዶቹ ከተራው 124 ሰፋ ብለው ወጣ ያሉ ናቸው፤ ሁሉም መሪው በግራ ሆኖ ስለ ተሠራ በቀኝ መሪ የቀረበ "500 ኢ" ሳይመረመር ሐሰት ነው። የቢ ኤም ደብልዩን ወገን በተመለከተ የሚያሳስተው ኤም 535 አይ የተባለው ነው። ኤም የሚለውን ፊደል ይዞ ስለሚገኝ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ እንደ ተሠራው ኤም 5 ይቆጠራል፤ ነገር ግን ሞተሩ ባለ12 ቫልቭ ሲሆን የኤም 5ቱ ባለ24 ቫልቭ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደርም የራሱ የአየር መክፈቻ አለው።

በእነዚህ በኋለኞቹ ዘመናት የሻንሲው ቁጥር 17 ፊደልና አኃዝ ሆኗል። አንዳንድ ወጣት መርማሪዎች የቁጥሩን ትክክለኛነት በስሌት የሚፈትሽ ዘዴ መኖሩን ሰምተው፣ ዘጠነኛው ቦታ ከስሌቱ ጋር ካልተስማማ መኪናውን ሐሰተኛ ነው ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው። ስሌቱ ግዴታ የሆነው ለሰሜን አሜሪካ ገበያ ለተሠሩት ነው፤ ለአውሮፓ በተሠራ መርሴዲስ ላይ ዘጠነኛው ቦታ የዓይነቱ መለያ አንድ አካል ነው እንጂ መፈተሻ አይደለም። በ17ቱ ውስጥ ግን አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት በየትም አገር አይገኙም፤ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ተከልክለዋልና። ከእነዚህ አንዱ በብረት ላይ ተመትቶ ከተገኘ መዶሻውን የያዘው ፋብሪካ አልነበረም።

ቁጥሩ ተፍቆ እንደ ገና የተመታ መሆኑ ሲያጠራጥርስ? በመጀመሪያ ጥሩ መብራትና ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል። የፋብሪካ ቁጥር ጥልቀቱ የተካከለ፣ መስመሩ የጠበቀ ነው፤ በእጅ የተመታው አንዱ አኃዝ ጠልቆ ሌላው ተንሳፎ ይታያል፤ ዙሪያው የሞላ መፍጫ ጭረትና ስቱኮ ካለበት ደግሞ ምክንያቱ ይጠየቃል። ብረት ሲመታ ከአኃዙ ሥር ያለው ቅንጣት ይጨመቃል፤ ላዩ ቢፋቅም ያ መጨመቅ ከሥር ይቀራል። የወንጀል ምርመራ ላቦራቶሪዎች ብረቱን አለስልሰው በአሲድ ሲያጥቡት የድሮው ቁጥር እንደ ጥላ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ግን ጋራዥ ውስጥ የሚሞከር ሥራ አይደለም። አሲድ የቀባ መካኒክ ማስረጃውን ከማውጣት ይልቅ ያጠፋል፤ ጠርጣሪው መርማሪ ጥርጣሬውን ጽፎ ለሚመለከተው ያስተላልፍ።

ያለ ማጭበርበርም ቁጥር ሊጠፋ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም። የምዕራብ ጎጃም ክረምት ረጅም ነው፤ በቆርቆሮ ዳስ ሥር የቆመ መኪና ከላይ ባይረጥብም ከመሬት የሚወጣው እርጥበት ከሥር ይበላዋል። ዝገቱ በጎማ ቀንዶች፣ በበሮቹ ደፍ፣ በባትሪው መቀመጫ ሥር ይጀምራል። ባትላሜራው አዲስ ላሜራ ቆርጦ ሲበይድ ቁጥር ያለበትን ቁራጭ አብሮ ጥሎት ይገኛል። ክፋት የለበትም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናው ስም አልባ ነው። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ቁጥሩን በፎቶግራፍ ማስቀረት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ ወረቀቱ ደግሞ፤ ብረቱ እውነተኛ ሆኖ ወረቀቱ የተሳሳተበት ከተገላቢጦሹ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ባለንብረትነት በመዝገብና በባለንብረትነት መታወቂያ ደብተር፣ በተለምዶ ሊብሬ በሚባለው፣ እንዲታወቅ አድርጓል። በተግባር ግን አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው ብዙውን ጊዜ ስመ ንብረቱ ሳይዛወር በውክልና ነው። ሻጩ ለገዢው ውክልና ይሰጠዋል፤ ገዢው ለሌላው ይሸጣል፤ ሊብሬው ላይ የመጀመሪያው ሰው ስም ይኖራል። ያ ሰው የሞተ ዕለት ግን ውክልናው በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ይቋረጣል፤ ሌላ ስምምነት ካልነበረ በቀር። ያኔ መኪናውን ለዓመታት የነዳው፣ ጎማውን የለወጠው፣ ዝገቱን ያስበየደው ሰው በሕግ ፊት የሟች ወራሾች ንብረት ይዞ የተገኘ ሰው ይሆናል። ፈጣን የጀርመን አውቶሞቢል መጀመሪያ ወደ አገር የገባው በኤምባሲ ወይም በድርጅት ስም ከቀረጥ ነፃ ከሆነ ደግሞ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ መገኘቱ፣ ቀረጡም መከፈሉ መታየት አለበት።

ይህ ጉዳይ ካለፈው ይልቅ አሁን ከበድ ብሏል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን እንደ ዕድሜያቸው ከፍ ባለ ታክስ ጫነ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መታገዱ ተገለጸ። ቀድሞ እንደ ቁርጥራጭ ብረት የሚታይ መኪና ዛሬ የሚተካው የሌለ ዕቃ ሆኗል። የሚተካ በሌለበት ገበያ የሐሰት ስም ዋጋ ያወጣል።

ባለቤት ሆኖ መኖሩስ? አንዳንዱ ገዢ የፋብሪካውን 250 የፈረስ ጉልበት በፍኖተ ሰላም መንገድ ላይ ፈልጎ ሲያጣ መኪናው ሐሰተኛ ነው ብሎ ይደመድማል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1900 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ እዚያ የአየሩ ጥግግት በባሕር ዳርቻ ካለው 83 በመቶ ያህል ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በግምት በዚያው መጠን ስለሚደክም 250ው ወደ 207 ይወርዳል። ደብረ ማርቆስ ላይ 200 እንኳ አይሞላም። ሞተሩ በዚህ ላይ ጥቁር ጭስ ካወጣና ካንዴላው ከጠቆረ፣ በቤንዚን መርጫው ፓምፕ ላይ ያለው የከባቢ አየር ግፊት ማስተካከያ ከረጢት መበሳቱን ማየት ይገባል። ከረጢቱ ከሞተ ፓምፑ ጎጃም ደጋ ላይ ሆኖ እንደ ሐምቡርግ ወደብ ያለ ቤንዚን ይረጫል። ሌላው የራዲያተሩ ክዳን ነው። በፍኖተ ሰላም ከፍታ ክፍት ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ግፊት የማይዝ ያረጀ ክዳን ያለው መኪና ሙቀት መለኪያው ገና ደኅና እያለ ውሃውን ይተፋል፤ ከዚያ ቴስታታው ይጣመማል። የአንድ ክዳን ዋጋ ከአንድ ቴስታታ ጋር አይወዳደርም።

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚያመጣው ደግሞ በአባይ በረሃ ይወርዳል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት ወደ 1400 ሜትር ይጠጋል። ከነተሳፋሪው ሁለት ቶን የሚመዝን አውቶሞቢል በዚህ ቁልቁለት ሲወርድ 27 ሚሊዮን ጁል ያህል ኃይል ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት፤ ይህም 90 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ እስኪፈላ ያደርሳል። ያን ሁሉ በፍሬን ሸማኔ ላይ የሚጥል ነጂ ፍሬኑን ከድልድዩ ሳይደርስ ያጣዋል። ማርሹን ወደ ታች ቀይሮ ሞተሩ እንዲይዝ ማድረግ ነው፤ ፈጣን መኪና ከአይሱዙ ጀርባ ቀስ ብሎ መውረዱ ነውር የለበትም። ለብዙ ዓመት የቆመ መኪና ከሆነ የጎማው ዕድሜም ይታይ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የተሠራ ጎማ በጎኑ የሳምንቱና የዓመቱ አራት አኃዝ ተጽፎበታል፤ ሦስት አኃዝ ብቻ የተገኘበት ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ከዚያ በፊት የተሠራ ነው።

አሁን ወደ ቡሬው ግቢ እንመለስ። መሐንዲሱ መጣ፤ ሸራው ተነሣ። ሜትሩ በሁለቱም በኩል 285 አለ። ከሥር የተገጠመው ሞላ ነው፤ ነገር ግን የአየሩ ቧንቧ ማሰሪያዎች በየቦታቸው አሉ። ቁጥሩ ከታጠበ በኋላ 109.018-12 ይላል፤ አኃዞቹ የተካከሉ፣ ዙሪያው ያልተፋቀ። መካከለኛው ልጅ ፈገግ አለ። ኮፈኑ ሲከፈት ግን ያለው ባለስድስት ሲሊንደር ነው፤ ቁጥሩም በ130 ይጀምራል። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥር ደግሞ በ100.981 የሚጀምር ነው። ታላቁም ደላላውም በከፊል ትክክል ነበሩ ማለት ነው፤ መኪናው እውነተኛ 6.3 ነው፤ የሚጮኸው ግን የሌላ መኪና ሞተር ነው። ሞተሩ መቼ እንደ ተለወጠ የሚነግር ወረቀት የለም። ሊብሬው በአባትየው ስም መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ሲመጣ ስመ ንብረቱን ለማዛወር ያስችላል፤ የሞተሩ ለውጥ ግን ከዚያ በፊት ለመዝጋቢው ቀርቦ መስተካከል አለበት።

እዚህ ላይ ለመሐንዲሱ ሁለት ፈተና ይመጣበታል። አንዱ ለወንድማማቾቹ ሰላም ብሎ "6.3 ነው" ወይም "አይደለም" የሚል አንድ ቃል መጻፍ ነው። ሌላው ሊብሬውን አይቶ የሞተሩን ቁጥር ከዚያ ገልብጦ ማስፈር ነው፤ ይህ ከሁሉ የሚቀለውና ብዙ ጊዜ የሚደረገው ነው። ትክክለኛው ወረቀት ግን ሦስቱንም ነገር ለየብቻ ይይዛል፤ የሻንሲው ቁጥር እንደ ታየ፣ የሞተሩ ቁጥር እንደ ታየ፣ በሊብሬው ያለው ቁጥር እንደ ተጻፈ። የአየሩ መሣሪያ መውጣቱና በሞላ መተካቱም ይጻፋል። ግምቱ ከዚህ በኋላ የገማቾች ሥራ ነው።

ታናሺቱ መጋዘኑን ስታስጠርግ ከጆንያ ጀርባ ያለችውን የብረት ክምር እንድታሳይ ትጠየቅ፤ ባለስምንት ሲሊንደር ሞተር ከባድ ስለሆነ ያወጣው ሰው ሩቅ አይጥለውም። ከዚያ በፊት ግን መሐንዲሱ በተመታው ቁጥር ላይ ስስ ወረቀት አስተኝቶ በእርሳስ ጎን እያሸ ቁጥሩን ያትማል፤ ቀኑን ይጽፍበታል፤ ሦስቱ ወራሾች ከሥሩ ይፈርሙና ወረቀቱ ከሊብሬው ጋር በአንድ አቃፊ ይቀመጣል።